ስሙ የሚጻፈው ሲያጠፋ ብቻ ነው

ባለፈው ሰሞን እዚህ መቐለ፣ ሐወልቲ አካባቢ፣ አንድ ካፌ ውስጥ ተቀምጠን ወሬያችን እንደተለመደው ወደ 2011 ዞረ። በዚህች ከተማ የኳስ ወሬ ከየትም ቢጀመር መድረሻው 2011 ነው። እኔም «እስቲ የዚያን ዓመት ሻምፒዮን ቡድን ጥሩልኝ» አልኩ።

አማኑኤል ገብረሚካኤል ከአፌ ሳልጨርስ ተጠራ። የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ነበርና ማን ይረሳዋል? ግብ ጠባቂው ፊሊፕ ኦቮኖ ተጠራ። አሰልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌም ተጠሩ፤ በ2010 ጅማ አባ ጅፋርን፣ በ2011 ምዓም አናብስትን ሻምፒዮን ያደረጉ ሰው ናቸውና። «ጥሩ፤ አሁን የኋላ መስመሩን አራቱን ከቀኝ ወደ ግራ» ስል ግን ጠረጴዛው ጸጥ አለ። በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡ አንድ አባት «ሥዩም ተስፋዬ ነበረ፣ በቀኝ በኩል» አሉ። የቀሩት ላይ ክርክር ተነሳ። አንዱ ስልኩን አወጣ። ሌላው በሌላ ዓመት የመጣ ተጫዋች ጠርቶ ተሳቀበት።

እነዚህ ሰዎች ለክለባቸው ያለቀሱ ሰዎች ናቸው። እንዲህ የሚረሱት ስለማይወዱ አይደለም። እንዲረሱ ያደረግናቸው እኛ ነን፤ እኛ ስል ጋዜጠኞቹን፣ የክለብ አመራሮቹንና ፌዴሬሽኑን ማለቴ ነው። የዛሬው ጽሑፌ ሐሳብ አንድ ነው፦ ኳሳችን ግብ የሚያገባውን እንጂ ግብ የሚያስቀረውን መቁጠር አያውቅም፤ ያልቆጠረውንም አይከፍለውም፤ ያልከፈለውንም ያጣዋል። ለዚህ ደግሞ ከሁሉም በላይ ዋጋ የሚከፍሉት እንደ መቐለ 70 እንደርታ ከባዶ ተነስተው ቤት የሚሠሩ ክለቦች ናቸው።

በቁጥር እንነጋገር። ነሐሴ 2011 ላይ ክለባችን በአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ ቅድመ ማጣሪያ ከኢኳቶሪያል ጊኒው ካኖ ስፖርት ጋር ተጫወተ። ከሜዳው ውጪ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በመልሱ ጨዋታ እዚህ መቐለ ላይ 1 ለ 1 ወጣ። በድምር 3 ለ 2 ተሰናበትን። ከጨዋታው በኋላ ከተማው ሁሉ ያወራው ስለ ባከኑ የግብ ዕድሎች ነበር። «አንድ ግብ ብንጨምር ኖሮ» ተባለ። እስቲ ስሌቱን መልሳችሁ እዩት። በዚያን ጊዜ ከሜዳ ውጪ የተቆጠረ ግብ ብልጫ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ በመልሱ ጨዋታ 1 ለ 0 ብንወጣ ድምሩ 2 ለ 2 ሆኖ እኛ እናልፍ ነበር። ያን 1 ግብ ደግሞ አግብተናል! አጥቂዎቻችን የሚጠበቅባቸውን ሠርተው ወጥተዋል። የጎደለን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በገዛ ሜዳችን 90 ደቂቃ በራችንን ዘግቶ መውጣት። የሀገሪቱን ኮከብ ግብ አግቢ የያዘ ሻምፒዮን ከአፍሪካ መድረክ የወጣው በአንድ ባልተዘጋ በር ነው። ያኔም ዛሬም የምናስታውሰው ግን የሳትነውን ኳስ ነው።

ይህ ለምን ሆነ? መልሱ እኔና የሥራ ባልደረቦቼ በምንጽፈው መዝገብ ውስጥ አለ። የጨዋታ ዘገባ ስጽፍ ማንን ነው ስሙን የምጠራው? ግብ ያገባውን፣ ያቀበለውን፣ ዕድል ያባከነውን። ተከላካዩ የሚገባው ቢጫ ሲያይ፣ ቀይ ሲያይ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሲያሰጥ ወይም በራሱ ላይ ሲያገባ ነው። 90 ደቂቃ ሙሉ ትክክል ከሠራ በእኔ ዘገባ ውስጥ የለም። ለ10 ዓመት የሠራ ተከላካይ ዘገባዎቹ ቢሰበሰቡ የወንጀል መዝገብ ነው የሚመስሉት። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ እጄን ከሚያወጡት አንዱ ነኝ።

ምሳሌ ልስጥ። ምሳሌዬን ከጎንደር ማምጣቴን አንዳንዶች እንደማይወዱልኝ አውቃለሁ፤ ግን እውነት ሰፈር የላትም። ያሬድ ባየህ በ2013 ፋሲል ከነማ የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ አምበል ነበር። በ2014 ዐፄዎቹ ሁለተኛ ወጡ። በዚያው ክረምት ያሬድ ወደ ባሕር ዳር ከነማ ተዛወረ። በ2015 የጣና ሞገዶቹ ሁለተኛ ሆነው ጨርሰው ወደ አፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ካፕ ሲያልፉ፣ ፋሲል ከዋንጫው ፉክክር ርቆ ነበር። አንድ ሰው ብቻውን ይህን ሁሉ አደረገ አልልም፤ የአሰልጣኝ ለውጥ አለ፣ የሌሎች ተጫዋቾች መውጣትና መግባት አለ። ነገር ግን ይኼው ሰው አጥቂ ቢሆን ኖሮ «ዐፄዎቹን ያወረደ ዝውውር» ተብሎ ስንት ፕሮግራም ይሠራበት ነበር?

አብዛኛው ሰው ያሬድን የሚያውቀው ግን በዚህ አይደለም። የሚያውቀው በ12 ደቂቃ ነው። ጥር 1 ቀን 2014 ያውንዴ ላይ፣ ኢትዮጵያ ከኬፕ ቨርዴ ጋር የአፍሪካ ዋንጫ የመጀመሪያ ጨዋታዋን ስታደርግ፣ የመጨረሻው ሰው ሆኖ በሠራው ጥፋት በቪኤአር ታይቶ ቀይ ካርድ የወጣበት። እኔ ያንን ጨዋታ በቀጥታ አላየሁም። በዚያ ወር መቐለ ስልክም፣ ኢንተርኔትም፣ ባንክም አልነበራትም። ያየሁት ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ መስመሩ ከተመለሰ በኋላ በስልኬ ነው። ውጤቱን እያወቅሁ ስለተመለከትሁ ይሆናል፣ ኳሱን ትቼ የተከላካዮቹን ቦታ ነበር የማየው። ከዚያ ቀይ ካርድ በኋላ የቡድኑ ቅርጽ እንዳለ ተቀየረ። ወደ ፊት መሄድ የነበረባቸው ወደ ኋላ ተጎተቱ። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ጁልዮ ታቫሬዝ አገባ፤ 1 ለ 0 ተሸነፍን። በቀጣዩ ጨዋታ ካሜሩን ላይ ዳዋ ሆቴሳ ገና በ4ኛው ደቂቃ አግብቶልን ነበር። መጨረሻው 4 ለ 1 ሆነ። ካሜሩን ጠንካራ ናት፤ አሳምሬ አውቃለሁ። ግን ቀድሞ ያገባ ቡድን መሪነቱን የሚጠብቅለት የኋላ መስመር ያስፈልገዋል።

ተከላካይ ዋጋው የሚታየው በሌለበት ቀን ነው። አበው «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚሉት ለዚህ ነው።

«ይህ የእኛ ሀገር ችግር ነው» የምትሉ ካላችሁ ሁላችንም የምናየውን የእንግሊዝ ሊግ ላስታውሳችሁ። ሊቨርፑል እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ለቨርጂል ቫን ዳይክ 75 ሚሊዮን ፓውንድ ሲከፍል «ለተከላካይ እንዲህ ይከፈላል?» ተብሎ ተስቆበታል። ክለቡ በ2017/18 በሊጉ 38 ግብ ተቆጥሮበት ነበር። በቀጣዩ ዓመት 22 ብቻ። አሊሰንም ያኔ እንደመጣ አልክድም፤ ግብ ጠባቂ ግን ከፊቱ ያለው ሰው ልክ ነው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ቫን ዳይክ ከኤቨርተን ጋር ጉልበቱን ተጎዳ። ሌሎቹም መሐል ተከላካዮች ተከታትለው ተጎዱ። በሜዳው 68 የሊግ ጨዋታ ያልተሸነፈው ሊቨርፑል በዚያው የውድድር ዓመት አንፊልድ ላይ 6 ጊዜ በተከታታይ ተሸነፈ። ሳላህም ማኔም ግን ሜዳ ላይ ነበሩ! ቀዳዳውን ለመድፈን አማካዮቹ ፋቢኞና ሄንደርሰን ወደ ኋላ ተሳቡ፤ በዚህም የመሐል ሜዳው አብሮ ፈረሰ። የተከላካይ መጥፋት የሚያጎድለው አንድ ቦታ ሳይሆን ሁለት ነው።

በዓለምም ሽልማቱ ያዳላል። ባሎን ዶር ከ1956 ጀምሮ ሲሰጥ ያሸነፉ ተከላካዮች ቤከንባወር፣ ሳመርና ካናቫሮ ብቻ ናቸው። ልዩነቱ፣ እነሱ ዋንጫውን ለአጥቂ እየሰጡም ገንዘቡን ለተከላካይ ማውጣት ተምረዋል። እኛ ሁለቱንም ነፍገነዋል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የትግራይ ክለቦች 2013ን፣ 2014ን፣ 2015ንና 2016ን ከሊጉ ውጪ አሳለፉ። ተጫዋቾቻቸው በየክለቡ ተበተኑ። በ2017 መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ ሲመለሱ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች የሚካሄድ ሆኖ ጠበቃቸው። የመቐለ ሰው ክለቡን የሚያየው በስክሪን ሆነ። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ስታዲየም ውስጥ ስትቀመጥ ሜዳውን በሙሉ ታያለህ፤ ኳሱ ሌላ ጥግ ሳለ መሐል ተከላካዩ እጁን እያወናጨፈ መስመሩን ሲያስተካክል፣ ጓደኛውን ሲጠራ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ሲጠጋ ታያለህ። ካሜራ ግን የሚከተለው ኳስ ነው። ጎበዝ ተከላካይ ሥራውን የሚሠራው ኳሱ ሳይደርስ በመሆኑ ካሜራው ሲደርስ የሚያሳየን ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ነው። «ዛሬ ምንም አልሠራም» እንላለን። ምንም እንዳይፈጠር ያደረገው እሱ ነው!

የገንዘቡ ነገር ደግሞ አለ። በ2011 ክረምት የተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ጣሪያው ምን ያህል እንደተከበረ እዚህ ቻናል ላይ ያላችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሊጉ የክለቦችን ወጪ የሚገድብ የፋይናንስ መመሪያ አውጥቷል። ገደብ ካለ ደግሞ ክርክሩ ስለ ክፍፍል ይሆናል። ድስቱ አንድ ከሆነ ለአጥቂው የተጨለፈው ከተከላካዩ ሳህን የተቀነሰ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ግን የሁሉም ክለብ አመራር የሚሮጠው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ «ግብ አግቢ እናምጣ»። የኋላ መስመሩ በተረፈው ብር፣ በአጭር ውል፣ በየዓመቱ በአዲስ ሰው ይሞላል። አጥቂ በአንድ ቅጽበት ብቻውን ጨዋታ ሊለውጥ ይችላል። መከላከል ግን የጥምረት ሥራ ነው፤ ሁለት መሐል ተከላካዮች አንዱ የሌላውን እርምጃ ሳያይ የሚያውቀው አብረው በቆዩበት ጊዜ ልክ ነው። በየዓመቱ የሚበተን ጥምረት በየዓመቱ ከሀ ይጀምራል።

«ግብ ሳይገባ ዋንጫ የለም፤ 2011ን ያመጣው አማኑኤል ነው» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ልክ ነህ ወንድሜ፣ ያለ እሱ አይሆንም ነበር። ግን ያ ዋንጫ እስከ መጨረሻው ሳምንት የተጎተተ ፉክክር ነበር። እንዲህ ባለ ዓመት 1 ለ 0 የወጣንባቸው ጨዋታዎች 1 ለ 1 ቢሆኑ እያንዳንዳቸው 2 ነጥብ ይወስዱብን ነበር። አጥቂው ያመጣውን 3 ነጥብ እስከ ፊሽካው የጠበቀለት ሰው ነበረ ማለት ነው። ግብ ያልገባበት ቡድን ቢያንስ 1 ነጥብ ይዞ ይወጣል፤ 3 ግብ ያገባ ቡድን ግን 4 ለ 3 ተሸንፎ በባዶ እጁ ሊመለስ ይችላል። ግብ እንደ ጉድ በማይዘንብበት በእኛ ሊግ የመጀመሪያው ብር የሚወጣው ለየትኛው መሆን እንዳለበት ለማወቅ ሊቅ መሆን አይጠይቅም።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። የክለብ አመራሮች ሆይ፣ በቀጣዩ ክረምት የመጀመሪያው ፊርማ የመሐል ተከላካይ ይሁን፤ ውሉም ረዘም ይበል፤ ጥምረቱ እንዲቆይ። ለግብ የማበረታቻ ክፍያ የምትሰጡ ከሆነ መረብ ሳይደፈር ለወጣበት ጨዋታም ለኋላ መስመሩ በእኩል ስጡ። እኛ ጋዜጠኞች ደግሞ በእያንዳንዱ ዘገባ ቢያንስ አንድ አረፍተ ነገር ላልተቆጠረው ግብ እንስጥ፤ ማን እንዳስቀረው በስሙ እንጻፍ። እኔ ከዛሬ ጀምሮ እጽፋለሁ። ካልጻፍሁ ይህን ፖስት መልሳችሁ ላኩልኝ።

ሰኔ 2014 ላይ ሊሎንግዌ ውስጥ ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። ይህን የማያውቅ የለም። የዚያ ውጤት ሌላኛው ቁጥር ግን ዜሮ ነው። ዜሮውን እነማን ጻፉት?

ለዛሬ የቤት ሥራ ልተውላችሁ። የ2011ን የመቐለ 70 እንደርታ የኋላ መስመር፣ ስልካችሁን ሳትፈትሹ፣ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉ። አንዱን እኚያ አባት ነግረዋችኋል። ሦስቱ ይቀራሉ።