ቀለሙ ከመቀባቱ በፊት ስለ ተከራዩም እንነጋገር



ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ ወጣቶቻችን በመተላለፊያው ግራና ቀኝ ያሉትን ግድግዳዎች በሥዕል ለማስዋብ የቀለም መግዣ ገንዘብ መጠየቃቸው ይታወሳል። አንድ አባታችን «ሥዕል ይበላል እንዴ?» ቢሉ ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ጉዳዩም ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። እኔ በበኩሌ ጥያቄያቸው የሚያስቅ ሆኖ አላገኘሁትም። ሥዕል እንጀራ የሆነበት ከተማ አለ። ለማን እንጀራ ሆነ የሚለው ነው የሚያከራክረው።

ከተማዋ አሲላ ትባላለች። በሞሮኮ፣ ከታንጀር በስተደቡብ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ የምትገኝ ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ወደብ ናት። አሮጌዋን ከተማ የከበበው ግንብ በ1471 ፖርቱጋሎች ከያዟት በኋላ የሠሩት ነው (ስለ ውጭ አገር ስናገር ዓመቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። በ1970ዎቹ ግን ግንቡ እየተናደ፣ በየጠባቡ መንገድ ቆሻሻ እየተከመረ፣ ዳር ላይ የተጣለች ከተማ ሆና ነበር።

በዚያን ጊዜ ሁለት የአገሩ ልጆች ተነሡ። አንዱ ኋላ የከተማዋ ከንቲባ፣ ከዚያም ሚኒስትር የሆኑት መሐመድ ቤንዒሳ ናቸው። ሁለተኛው ሠዓሊው መሐመድ መለሂ ሲሆኑ፣ በሮምና በኒውዮርክ ተምረው በካዛብላንካ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማሩ ሰው ነበሩ። እኒህ ሠዓሊ በ1969 ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ሥዕላቸውን በማራካሽ አደባባይ፣ እባብ አጫዋቹና ተረት ነጋሪው በሚውልበት ሜዳ ላይ ሰቅለው ያሳዩ ናቸው። ሥዕል ለባለ ክራባት ብቻ ነው የሚለውን አልተቀበሉትም ማለት ነው። ሁለቱ በ1976 በከተማው ምክር ቤት ተመረጡ፤ በ1978 ደግሞ ሠዓሊዎችን ጠርተው የአሮጌውን ከተማ ግድግዳ አሳሉ፤ በየዓመቱ የሚደረግ የባህል በዓልም ጀመሩ።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ። የባሕር ዳር አየር ጨው ስላለበት ቀለም አያቆይም፤ ስለዚህ ግድግዳው እንደገና ኖራ ይቀባል፣ በላዩም አዲስ ሥዕል ይሳላል። ይህ እንደ ጉድለት ሊቆጠር ይችል ነበር። ነገር ግን ሥራው አንድ ጊዜ ተመርቆ የሚረሳ ሳይሆን ከዓመት ዓመት የሚመለስ ሆነ፤ ያደገው ልጅም ደጃፉ ላይ ሠዓሊ ሲሠራ እያየ አደገ። የሱዳኑ ተወላጅ ሠዓሊ መሐመድ ዑመር ኸሊል ከኒውዮርክ እየተመላለሱ የኅትመት ሥዕል ያስተምሩ ነበር። የኮንጎው ባለቅኔ ቺካያ ኡ ታምሲም በስማቸው የአትክልት ቦታ ተሰይሞላቸዋል። ሥዕሉም ብቻውን አልመጣም፤ ቆሻሻው ተነሣ፣ መንገዱ ተነጠፈ፣ ቤቱ ተጠገነ። በ1989 የከተማዋ እድሳት የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማትን አገኘ።

እስከዚህ ድረስ የወጣቶቻችን ጠበቃ ነኝ። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ደብቄ ባልፍ ነውር ነው። ከተማዋ ስታምር ገዢ መጣ። ከውጭ አገርም፣ ከሞሮኮ ትልልቅ ከተሞችም ገንዘብ ያለው ሰው በግንቡ ውስጥ ቤት ገዛ፤ ለሙቀቱ ወራት መጥቶ የሚሄድ፣ በቀረው ጊዜ በሩን ቆልፎ የሚያከርም ጎረቤት በዛ። ቤቱን የሸጠው ሰው ቢያንስ ገንዘቡን ይዞ ወጥቷል። ተከራዩስ? እሱ የያዘው ምንም የለም፤ ግድግዳውን ያሳመረው ቀለም ኪራዩን አስወደደበት እንጂ።

ይህ የአሲላ ብቻ መስሎ የሚታየው ካለ በእንግሊዝ አገር ያለችውን ማርጌትን ይመልከት። የለንደን ሰው ለባሕር መታጠቢያ ይሄድባት የነበረች ናት፤ ሕዝቡ በርካሽ አውሮፕላን ወደ ስፔን መሄድ ሲጀምር ሱቋ ተዘጋ፣ ሆቴሏ ወና ሆነ። በ2011 ሠዓሊው ተርነር በወደዱት የባሕር ዳርቻ ላይ በስማቸው የሥዕል ማሳያ ቤት፣ ከ17 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጥቶበት ተከፈተ። እንግዳው መጣ፣ የተዘጋው ሱቅም ተከፈተ። ከለንደን ቤት ፈላጊውም መጣ፣ ኪራዩም ናረ። መቼም ሱቁ ተዘግቶ ይቅር የሚል የለም፤ ግን ለተከራዩ ቀድሞ ያሰበለት ሰው ቢኖር ምን ነበረበት?

የእኛ መተላለፊያ ባሕር የለውም፣ ሽልማትም አይመጣለት ይሆናል። ሆኖም ፎቶግራፍ አንሺው ሲበዛና ቡና ቤቱ ሲከፈት አከራይ ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ፤ እኔም አከራይ ነኝና። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ዐዋጅ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ስንቶቻችን ነን የፈጸምነው? ዛሬም በቃል ብቻ የሚያከራየው ጥቂት አይደለም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ማኅበሩ ገንዘቡን ይስጥ። ነገር ግን ግድግዳው የሚሳልለት ባለቤት ከተከራዮቹ ጋር የተመዘገበ ውል ያለው መሆኑን አስቀድሞ ያሳይ፤ ውል የሌለው ግድግዳ ለጊዜው ኖራ ብቻ ይቀባ። በጓሮዬ ያሉት ሁለት ክፍሎች እስካሁን የተከራዩት በቃል ነው፤ አንደኛዋ ተከራይ ሦስት ልጆች አሏት። ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት ውላቸውን አስመዝግቤ ግልባጩን ለጸሐፊው አስረክባለሁ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ከእኔ ግድግዳ ይጀምሩ፤ መሰላል አለኝ።