በረዶ ወይስ አመዳይ?

«የበረዶ ሸርተቴ» የሚለው ሐረግ ከጋዜጣ ቋንቋችን ቢወጣ ደስ ይለኛል። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር በአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሮ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ የክረምት ኦሊምፒክ ተሳታፊ ሲያደርጋት ዜናው የደረሰን በዚሁ ሐረግ ነበር። ግን በበረዶ ላይ ማን ይንሸራተታል? የእኛ በረዶ በሐምሌ ቆርቆሮ የሚደበድብ፣ የገበሬውን ቡቃያ የሚያረግፍ ጠጠር ነው።

የስኪ ሰዎች መሣሪያቸውን ከመምረጣቸው በፊት የወረደውን ነገር ዓይነት ይለያሉ። ሌሊቱን ወርዶ ማንም ያልረገጠው፣ እንደ ዱቄት የሚበንን ከሆነ ሰፊውን ስኪ ያነሣሉ፤ ስፋቱ የሰውየውን ክብደት አሰራጭቶ ከላይ ያንሳፍፈዋልና። በተጠቀጠቀ ጎዳና ላይ እንደ ሮቤል ለሚሮጥ ግን ቀጭኑ ይሻላል። ከሥሩ የሚቀባው ሰም እንኳ እንደ ብርዱ መጠን ይለያያል። (እኛ የባንክ ሠራተኞች ብሩን ከሳንቲሙ ሳንለይ ሒሳብ ብንዘጋ ማን ዝም ይለናል?) ታዲያ ይህን ሁሉ ልዩነት «በረዶ» በምትል አንዲት ቃል ደፍጥጠን ምን ልንተርክ ነው?

የፈረንጅ አገር ጉዳይ ነው የሚለኝ አይጠፋ ይሆናል። ስሙ ያልታወቀ የአክሱም ንጉሥ በአዱሊስ ያስቀረጸውን፣ በስድስተኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለው ተጓዥ የገለበጠውን የግሪክኛ ጽሑፍ ያስታውስ። ንጉሡ ስሜንን መውጋቱን ሲናገር ተራሮቹ ሰውን እስከ ጉልበቱ በሚያሰምጥ ነጭ ነገር የተሸፈኑ እንደ ነበሩ ይገልጻል። ጽሑፉ ይህን የሚያሰምጥ ነገር እንዲህ አድርጎ መግለጹ ነው እኔን የሚገርመኝ። ያ አገር እኮ ከጎንደር ተነሥተን በደባርቅ በኩል የምንወጣበት፣ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ቀና ብሎ የቆመበት የራሳችን ደጋ ነው።

ቃሉ ደግሞ አለን። ግእዙ «ሐመዳ» ይለዋል፤ የአማርኛው መዝሙረ ዳዊትም «አመዳይ» ብሎ ጽፎታል። በደጋው አነጋገር አመዳይ ሣሩን በማለዳ የሚያነጣው ቅዝቃዜ ነው ብሎ የሚሞግተኝ ቢኖር፣ ለእርሱስ «ውርጭ» አለልን እላለሁ። የሩስያን ልቦለድ የምትተረጉሙ ወዳጆቼ፣ ከሰማይ እንደ ባዘቶ እየተንሳፈፈ የሚወርደውን «አመዳይ» በሉት፤ ገና ያልተረገጠውን «ብናኝ አመዳይ»፣ የተጠቀጠቀውን «ጥቅጥቅ አመዳይ» እያላችሁ ሞክሩት። «በረዶ»ን ለሐምሌው ጠጠር ተዉለት።