የአብደራፊ ጓሮ ዓመቱን የሚጀምረው በመስከረም ነው

“ጎመን በጤና” እንላለን። በአብደራፊና በአካባቢው ግን ጎመኑም ጤናውም በቀላሉ አይገኙም። ምዕራብ አርማጭሆ ለሰሊጥ፣ ለማሽላና ለጥጥ የታደለ ምድር ነው። ሰሊጡ ድንበር ተሻግሮ ለሀገር የውጭ ምንዛሪ ያስገኛል። ለወጥ የሚሆነው ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጎመን ግን በአብዛኛው ከደጋ በመኪና ይመጣል። መንገድ በተቋረጠ ሰሞን ዋጋው ይሰቀላል፤ የደረሰውም በሙቀት ጠውልጎ ነው። በኅዳር ሰሊጥ ሸጦ ገንዘብ የያዘ ቤተሰብ በሚያዝያ ልጆቹን እንጀራ በሽሮ ብቻ ሲያበላ ማየት ያሳዝናል።

ለዚህ መፍትሔው ከበራችን አይርቅም፤ ጓሯችን ነው። ብዙዎች “ሞክረነው አልሆነም” ይላሉ። አልዋሹም። በእኔ እምነት ያልሆነበት ዋናው ምክንያት የአትክልት ጊዜን ከደጋ መዋሳችን ነው። በደጋ ጓሮ የሚቆፈረው ዝናብ ሲጥል ነው። በአብደራፊ ሰኔና ሐምሌ ቤተሰቡ ለዘርና ለአረም ወደ እርሻ የሚወርድበት ወቅት ነው። ዋልካው አፈርም ውሃ ይቋጥራል፤ የቲማቲምና የሽንኩርት ችግኝ ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ የቆላ ጓሮ የራሱ የወቅት አቆጣጠር ያስፈልገዋል።

የመጀመሪያው ወቅት ከመስከረም እስከ የካቲት ያለው ነው። የሰሊጥ አጨዳው ሳይደራ በመስከረም መጀመሪያ አንድ ካሬ ሜትር መደብ በራኩባ ጥላ ሥር አዘጋጅቶ የቲማቲም፣ የቃሪያና የሽንኩርት ዘር ማፍላት ይቻላል። የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ ሽንኩርት ደግሞ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ለተከላ ይደርሳል። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣም ቀዝቀዝ የሚለውን የጥቅምትና የኅዳር አየር ይወዳሉ። በዚህ ወቅት መደቡ ከመሬት ዝቅ ቢል ውሃው ወደ ጎን ሳይፈስ ሥሩ ዘንድ ይቀራል።

ሁለተኛው ወቅት መጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦት ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ቀናት አሉ። ቲማቲም ቀኑ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍና ሌሊቱም ሳይበርድ ሲቀር አበባውን ያራግፋል። ስለዚህ በእነዚህ ወራት አዲስ ቲማቲም መትከል ድካም ብቻ ነው። ጊዜው ያለውን የማቆየት ነው፤ ሎሚውን፣ ፓፓያውን፣ ሞሪንጋውን በእቃ እጣቢ ማጠጣት፣ የስኳር ድንች ሐረግን በጥላ ሥር ጠብቆ ለክረምት ማሻገር።

ሦስተኛው ክረምቱ ነው። ባምያ፣ ዱባና ሱዳኖች ሙሉኪያ የሚሉት ቅጠል ዝናቡንም ሙቀቱንም ይችላሉ። ባምያ በተዘራ በሁለት ወር ገደማ መለቀም ይጀምራል። ድንበር ማዶ ያሉ ጎረቤቶቻችን የተረፈውን ቆራርጠው ያደርቁታል፤ ፈጭተውም ለበጋ ወጥ ያስቀምጡታል። ይህ ከእነሱ ልንቀስመው የሚገባ ብልሃት ነው። በክረምት ግን መደቡ ከመሬት ከፍ ማለት አለበት። በተለይ ፓፓያ ውሃ ከተኛበት ስለማይተርፍ አፈሩን ቆልሎ ጉብታ ላይ መትከል ይገባል።

“ውሃውስ?” ለሚለው ጥያቄ ስሌቱን እንይ። በቀዝቃዛዎቹ የበጋ ወራት አንድ ካሬ ሜትር መደብ በቀን አምስት ሊትር ገደማ ይበቃዋል። አራት ካሬ ሜትር ማለት ባለ 20 ሊትር አንድ ጀሪካን ነው። አፈሩን በተከተፈ የማሽላ ወይም የሰሊጥ አገዳ ስስ አድርጎ መጎዝጎዝ ትነቱን ይቀንሳል። የእቃና የእጅ እጣቢ ደግሞ ለፍራፍሬ ዛፎች ይውላል። ሳሙና የበዛበትን ግን በቅጠላ ቅጠል ላይ ማፍሰስ አይገባም። ፍየል እንዳይገባ የእሾህ አጥር ግድ ነው፤ የፍየሉ ፍግ ግን ለመደቡ ይፈለጋል።

አንድ ነገር ሳይነሳ መታለፍ የለበትም። አብደራፊ የካላዛርና የእባብ ንድፊያ ሕክምና በስፋት የሚሰጥባት ከተማ ናት። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰውነት ለካላዛር ይበልጥ ይጋለጣል፤ የጓሮ አትክልት ጉዳይ የጤና ጉዳይም የሚሆነው ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ያልጸዳ ጓሮ ሌላ ችግር ይጠራል። የተከመረ አገዳና የማገዶ ክምር ለአይጥ፣ አይጡም ለእባብ ምክንያት ይሆናል። ስለዚህ መደቡ ከመኝታ ራቅ ይበል፣ ክምር አይኑርበት፣ በምሽት ያለ መብራትና ያለ ጫማ አይገባበት። ለሰሊጥና ለጥጥ የተገዛ ፀረ ተባይ ኬሚካል በምንበላው ቅጠል ላይ ፈጽሞ አይረጭ፤ የኬሚካሉም ጀሪካን ውሃ አይቀዳበት።

ከቤተሰቡ በላይ የሆነም ሥራ አለ። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር የቤተሰብን ማዕድ ከግቢ ለመሙላት ሲሠራ ቆይቷል። ሐሳቡ ለቆላው እንዲሠራ የአትክልት ዘር በነሐሴ መጨረሻ፣ ለአንድ ጓሮ በሚመጥን አነስተኛ እሽግ ሊደርስ ይገባል። በሰኔ የሚመጣ የቲማቲም ዘር ለአብደራፊ እናት ብዙም አይጠቅማትም። ስለ ሰሊጥ ስናወራ ሁመራ 1፣ ሰቲት 1 እያልን ዝርያውን በስም እንጠራለን፤ ተመራማሪዎችም ባለሙያዎችም ደክመውበታል። ሙቀት የሚችል ቲማቲምና ባምያም ያንኑ ያህል ትኩረት ይገባዋል። የቀበሌ የግብርና ባለሙያዎችም ወደ እርሻው ሲያልፉ ጓሮውን ጎራ ብለው ይዩት፤ እናቶችን በመስከረም ያነጋግሩ።

ሰሊጥ የዓመት ገቢያችን ነው፤ እንኳን አለን። ዋጋው ግን በገበያ እጅ ነው። የልጆቻችን ምሳ ቢያንስ በከፊል በእጃችን ሊሆን ይችላል። ለዚያ የሚያስፈልገው አራት ካሬ ሜትር መሬት፣ በቀን አንድ ጀሪካን ውሃና በመስከረም መጀመሪያ የተዘራች ፍሬ ናት።