አንድ ቀን እናንተም ተቀመጡ

በዚህ ዕትም የምንወያየው ከለንደን በደረሰን አንድ ደብዳቤ ላይ ነው። ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይገለጥ ስለጠየቀችን «እህታችን» እያልን እንቀጥላለን።

እህታችን በአንድ ትልቅ ሆቴል መኝታ ክፍሎችን በማጽዳት ሥራ 18 ዓመት ቆይታለች። ባለቤቷ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ዘንድሮ ጋብቻቸው 25 ዓመት ሞላው። ሥራ ከጀመረች ገና 4 ወር የሆናት ሴት ልጃቸው ከደመወዟ አጠራቅማ፣ ወላጆቿንና ታናሽ ወንድሟን በአንድ ስመ ጥር ሆቴል የከሰዓት በኋላ ሻይ ልትጋብዝ ቦታ ያዘች። እናት ዋጋውን ስትሰማ ደነገጠች። «ይሄ ለእኛ አይደለም። በዚህ ገንዘብ እናቴ አገር ቤት ስንት ቀን ትኖርበታለች!» ብላ አሰረዘችው። ልጅቷ ምንም አልመለሰችም፤ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። ባልም «ልጅቷን አሳዘንሻት» ብሎ ዝም አለ። ቤቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደቀዘቀዘ ነው።

እህታችን «ይህ ገንዘብ ማባከን አይደለም ወይ? የተሳሳትኩት እኔ ነኝ?» ብላ ትጠይቃለች። ከፊርማዋ በታች ግን በጥቃቅን ፊደል አንድ መስመር ጨምራለች፦ «ደግሞስ እዚያ ገብቼ ምን አውቄ ነው የምቀመጠው?»

ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ካነበብኩት በኋላ ዋናው ጥያቄ ይህ የመጨረሻው መስመር መሆኑ ገባኝ። ስለ ገንዘቡ እንመለስበታለን። አስቀድመን ግን ይህ ነገር ምን እንደሆነ እንወቅ፤ የማናውቀው ነገር ከሚገባው በላይ ያስፈራልና።

የእንግሊዞች የከሰዓት በኋላ ሻይ መነሻው ረሃብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 አካባቢ አና የተባለች የቤድፎርድ መስፍን ባለቤት ነበረች። በዚያ ዘመን በመኳንንቱ ቤት ምሳ ቀለል ያለ፣ እራት ደግሞ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት የሚዘገይ ስለነበር፣ ወደ 10 ሰዓት ግድም ሆዷን ይሞረሙራት ጀመር። እናም ሻይ ከዳቦና ቅቤ ጋር ወደ ክፍሏ እንዲመጣላት አዘዘች፤ ቆይታም ወዳጆቿን ትጠራ ጀመር ይባላል። እንግዲህ በእኛ አገር «መክሰስ» የምንለው ማለት ነው! ለዚያ ሰዓት ምግብ ስም ለማውጣት የእኛ እናቶች መስፍን ማግባት አላስፈለጋቸውም።

ኋላ ታላላቆቹ ሆቴሎች ልማዱን ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በ1865 የተከፈተው ላንግሃምና በ1906 የተከፈተው ሪትዝ ዛሬም ድረስ በዚህ ሻይ ይታወቃሉ።

አቀራረቡም የሚያስጨንቅ አይደለም። ባለ ሦስት ፎቅ የሳህን መደርደሪያ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ከታች ጠርዙ የተቆረጠ በጣት የሚያዝ ሳንዱች ይኖራል፤ በኪያር፣ በእንቁላል ወይም ሳልመን በሚባለው ዓሣ የተሠራ። በመካከል ስኮን የሚባል ትንሽ ለስላሳ ዳቦ ከማርማላታና ከወፍራም ክሬም ጋር፣ ከላይ ደግሞ ኬኮች ይደረደራሉ። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ይበላል። በእጅ መብላት ነውር የለውም፤ እንዲያውም ደንቡ ነው። በእጅ መብላት ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም። ስኮኑን በተመለከተ የዴቨን ሰዎች ክሬሙን ያስቀድማሉ፣ የኮርንዎል ሰዎች ማርማላታውን፤ እነርሱ ራሳቸው ስላልተስማሙበት እናንተ በፈቀዳችሁት አድርጉ።

የአሳማ ሥጋ የማትበሉ ከሆነ ቦታ ስትይዙ ተናገሩ፤ በሌላ ይተካላችኋል። ሻምፓኝ የተጨመረበት ዋጋው ከፍ ያለ ስለሆነ ያለ እርሱ ያለውን ምረጡ። ስለ ልብስም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ለምሳሌ በሪትዝ ወንዶች ኮት መልበስ አለባቸው፣ ጂንስና የስፖርት ጫማም አይፈቀድም። የእሑድ ልብሳችሁ ከበቂ በላይ ነው። ሻይ በፈለጋችሁት መጠን ይቀዳላችኋል፤ በብዙዎቹ ሆቴሎች ሳንዱቹም ይደገማል። በአብዛኛው ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ይቻላል። አየሽ እህቴ፣ ከዚህ ውስጥ የማታውቂው ምን አለ? ጠረጴዛው ከመነሣቱ በፊትና በኋላ ምን ያህል ድካም እንዳለበት ከብዙዎቹ ተጋባዦች ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንመለስ። ዋጋው ውድ መሆኑን አልክድም። በለንደን ስመ ጥር ሆቴሎች ዛሬ ለአንድ ሰው ከ70 ፓውንድ በላይ ይጠየቃል። በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ 12.5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ስለሚጨመር፣ አራት ሰው ከ300 ፓውንድ በታች አይወጣም። (ለአስተናጋጆች የሚሰጠውን ገንዘብ አሠሪው እንዳያስቀር፣ ሙሉ በሙሉ ለሠራተኞች እንዲደርስ የሚያዝ ሕግ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ይህን የሆቴል ሠራተኛ ቤተሰብ ቢያውቀው መልካም ነው።)

እንግዲህ ይህ ማባከን ነው ወይ? የማባከን ምልክቱ የዋጋው ትልቅነት ብቻ አይመስለኝም። ገንዘቡ ከየት መጣ? የማን ድርሻ ተነካ? በብድር ካርድ ተከፍሎ ለስድስት ወር የሚያስጨንቅ ከሆነ አትሂዱ። ለአያት የሚላከው ተቆራጭ የሚጎድል ከሆነም አትሂዱ። ለፎቶግራፍና ለሰው ወሬ ከሆነ ደግሞ ቤታችሁ ብትቀሩ ይሻላል። ነገር ግን ባልና ሚስት ተስማምተው በወር 15 ፓውንድ ቢያስቀምጡ በዓመቱ 180 ፓውንድ ይሆናል፤ ለሁለቱ ይበቃል፣ የማንም ድርሻ አልተነካም። አራት ሆናችሁ ስመ ጥሩ ሆቴል የማይቻል ከሆነ ደግሞ «ክሪም ቲ» የሚባል አለ፤ ሻይ፣ ስኮን፣ ማርማላታና ክሬም ብቻ ነው፣ ዋጋውም በብዙ ያንሳል።

አንድ የራሴን ስህተት ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ባለቤቴ ለንደን ዘመድ ጥየቃ ሄደን፣ ዘመዶቻችን እንዲህ ካለ ቦታ ወሰዱን። እኔ በተቀመጥኩበት ሁሉ ፓውንዱን ወደ ብር ስመነዝር ዋልኩ። ይህ ሳንዱች ይህን ያህል፣ ይህ ኬክ ያን ያህል! ባለቤቴ ዝቅ ባለ ድምፅ «ገንዘቡ እንደሆነ ተከፍሏል። አሁን የምታባክነው እኛን ነው» አለችኝ። ቀና ብዬ ሳያት፣ ለዓመታት እንግዳ ስታስተናግድ ከወዲያ ወዲህ የምትለው ሴት እጆቿን ጭኗ ላይ አሳርፋ ተቀምጣለች። ሻይ ሲቀዳላት ለመነሣት ሁለት ጊዜ ቃጥቷት ነበር። እንዲያ ተቀምጣ አይቻት የማላውቅ መሆኔን ያን ዕለት አወቅሁ፤ አፈርኩም።

ውድ ባለትዳሮች፣ የዚያች ልጅ ምኞትም ይህ ይመስለኛል። ሻይ ቤቷም አለ። እርሷ የፈለገችው 18 ዓመት ለሌሎች አልጋ ሲያነጥፉ የኖሩት እጆች ለሁለት ሰዓት አርፈው ማየት ነው። እናት «ለእኛ አይደለም» ስትል ልጅ የምትሰማው ስለ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ «እናቴ ራሷን ከሚቀመጡት ጋር አትቆጥርም» የሚል ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ልጆች ሳናስተምራቸው ይማሩታል፤ ነገ በራሳቸው ትዳር ውስጥም ይዘውት ይገባሉ።

ደግሞ መስጠት ብቻ የለመደ ሰው መቀበል ይከብደዋል። ልጆቻችን በራሳቸው ላብ አግኝተው ሊያከብሩን ሲመጡ እጃቸውን ብንመልስ፣ ለእነርሱ ስናደርግ ያገኘነውን ደስታ እንነፍጋቸዋለን።

እህቴ፣ ለእናትሽ ማሰብሽ እውነተኛ ፍቅር ነው፤ ማንም አይወቅስሽም። ስህተቱ ምክንያትሽን ሳታስረጂ፣ ልጅሽንም ሳትሰሚ ማሰረዝሽ ላይ ነው። ዛሬ ማታ በሯን አንኳኪ። «የፈራሁት ገንዘቡን ብቻ አልነበረም፤ እዚያ መቀመጥ አፍሬ ነበር» በያት። ከዚያ ከባለቤትሽ ጋር ሆናችሁ አቅማችሁን አስሉ፤ ሆቴሉንም፣ ቀኑንም አብራችሁ ምረጡ። ክሪም ቲም ቢሆን ይበቃል። ስትሄዱ ግን ስልካችሁን አጥፉ፣ የብሩን ሂሳብም በር ላይ ተዉት። ከ25 ዓመት በፊት እንዴት እንደተገናኛችሁ ለልጆቹ አጫውቷቸው።

እናንተ አዲስ አበባም ሆነ ሐዋሳ ያላችሁ አንባቢዎቻችን፣ ሆቴል ሩቅ ከሆነ መክሰስ ቅርብ ነው። በመጪው ቅዳሜ 10 ሰዓት ላይ ያ ለእንግዳ ብቻ የሚወጣው ስኒ ይውረድ። ቡናውን አባት ያፍላ፣ ዳቦውን ልጆች ይቁረሱ፣ እናት ትቀመጥ። ልትነሣ ስትል «ተቀመጪ» በሏት።

በቤታችሁ ሁልጊዜ ቆሞ የሚያስተናግደው ማነው? ባስቀመጣችሁት ጊዜስ ምን አለ? ጻፉልን። እስከሚቀጥለው ዕትም ቤታችሁ በሰላም ይክረም።