ደረጃው ጫፍ ላይ ያለው አንበሳ

ባለፈው ወር ከሳንሱሲ ታክሲ ይዤ ወደ ዊንጌት ስሄድ፣ ዘንድሮ ስድስት ኪሎ የተመደበች የሰፈራችን ልጅ አጠገቤ ተቀመጠች። ስልኳን እያየች፣ «ጋሼ፣ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማስኮት አላቸው። የኛ ለምን የለውም?» አለችኝ።

የምታየው የካሊፎርኒያውን ሳንታ ክሩዝ ነበር። የእነሱ ማስኮት ቢጫ፣ ዝልግልግ፣ ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ ነው። ቀልዴን አይደለም! ኃላፊዎቹ የባህር አንበሳ ይሁን ቢሉ ተማሪዎቹ እምቢ አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ድምፅ ሲሰጥ ቀንድ አውጣው አሸነፈ።

«የኛማ አለ፤ ስትገቢ ታዪዋለሽ» አልኳት።

ስድስት ኪሎ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ካለበት ሕንፃ ፊት ለፊት፣ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል። የሠራው ጣሊያን ነው፤ ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1922 ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ። ከድል በኋላ ግን ጫፉ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። በቃ፣ ቆጠራው እዚያ ላይ አበቃ።

ቦታውም ተራ ቦታ አይደለም። ያኔ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚያው ግቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ በከተማችን የፈሰሰውን ደም ሁላችንም እናውቃለን። በ1954 ዓ.ም. ግቢው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

እውነቱን ልናገር። ተማሪ ሳለሁ እዚያ ደረጃ ሥር ተቀምጬ ስንት ፈተና አጥንቻለሁ። ምን እንደሆነ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም። ያወቅኩት ተመርቄ ከወጣሁ በኋላ ነው። አፈርኩ።

«አንበሳው የንጉሥ ምልክት ነው፤ ሁላችንንም አይወክልም» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ተገቢ ክርክር ነው። ነገር ግን በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት የዚያው የንጉሡ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። አንበሳው የዘውዱ ቢሆንም ግቢው የጠያቂዎች ሆኗል።

ለእኔ ደግሞ ቁም ነገሩ አንበሳነቱ ሳይሆን የተቀመጠበት ቦታ ነው። ደረጃውን ማፍረስ ቀላል ነበር። ቢፈርስ ኖሮ ግን የጣሊያን ትዕቢትም የኛም መልስ አብረው ይጠፉ ነበር። አባቶቻችን ሳያፈርሱ መለሱለት። ዛሬ የማንወደውን ሐውልትና ስም ለማጥፋት ስንቸኩል ሳይ ያ ደረጃ ትዝ ይለኛል። ከማፍረስ በፊት «ከላዩ ምን እናስቀምጥበት?» ብሎ መጠየቅም ይቻላል።

ስለዚህ ሐሳቤ አጭር ነው። አዲስ ተማሪ ሲገባ፣ ዶርሙን ከያዘ በኋላ፣ አሥር ደቂቃ ደረጃው ሥር አቁሞ ታሪኩን መንገር። ወጪ የለውም። የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ብዙዎቻችሁ ዛሬ እናንተም አስተማሪ ናችሁና በተለይ ለእናንተ ነው የምለው።

ትናንት ማታ ልጅቷ ፎቶ ላከችልኝ። ከሥሩ «ጋሼ፣ አገኘሁት። ለዶርም ጓደኞቼም ነገርኳቸው» ብላለች።

እናንተስ ታሪኩን መቼ ሰማችሁ? እስኪ ጻፉልኝ።