ላለመድከም የተሠራ መኪና

ስለ ድሮዎቹ የእንግሊዝ ቅንጡ መኪኖች ወሬ ሲነሳ ጨዋታው ወዲያው ወደ ቆዳ መቀመጫውና ወደሚያብለጨልጨው የእንጨት ዳሽቦርድ ይሄዳል። ያምራሉ፤ ማን ይክዳል። ግን ቆዳና እንጨትማ ሮልስ ሮይስም ሞልቶታል። ግራንድ ቱሪንግ የሚባሉትን የሚለያቸው ሌላ ነው፦ ጠዋት ከሰሜን ፈረንሳይዋ ካሌ ተነስቶ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ቀኑን ሙሉ ሲነዳ የዋለ ሰው፣ ማታ ወገቤን ሳይል ለእራት እንዲቀመጥ ማድረጋቸው።

ለእኔ የዚህ ሐሳብ ቁንጮ ቤንትሌይ አር ታይፕ ኮንቲኔንታል ነው። ጊዜው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ነው። እንግሊዝ ዕዳ ውስጥ ናት፤ ቤንዚን እስከ 1950 በራሽን ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ብረትም ቢሆን ቅድሚያ የሚሰጠው ውጭ ሸጦ ምንዛሪ ለሚያመጣ ፋብሪካ ነው። አገሪቱ የመጀመሪያውን ሞተርዌይ ያየችው እንኳ በ1958 ነው። እንግሊዞቹ እንግዲህ በገዛ አገራቸው እግሩን መዘርጋት የማይችል መኪና ለሰው አገር መንገድ ሠሩ።

የኩባንያው መሐንዲስ ኢቫን ኤቨርንደንና የቅርጽ ነዳፊው ጆን ብላችሊ ሥራውን ሲጀምሩ ትልቁ ራስ ምታት ጎማ ነበር። የዚያ ዘመን ጎማ ከባድ መኪና ተሸክሞ በከፍተኛ ፍጥነት ለረጅም ሰዓት ሲሮጥ ይግላል፤ ከጋለ ደግሞ አይታመንም። ስለዚህ ክብደት መቀነስ ግድ ሆነ። አካሉ በአሉሚኒየም ተሠራ፤ የመቀመጫው አጽም ሳይቀር ቀለለ። ከፊት መስታወቱ በላይ የሚነሳው ጣሪያ እስከ ኋላው ጫፍ ድረስ ሳይሰበር ተንሸራቶ ይወርዳል። መስመሩ ዓይን ይስባል፤ የወጣው ግን አነስተኛ ሞዴል ሠርተው በነፋስ ከፈተኑት በኋላ ነው። በሰሌዳዋ ፊደላት የተነሳ ኦልጋ የተባለችው የሙከራ መኪና በ1951 ፓሪስ አጠገብ በሚገኘው የሞንትሌሪ መሮጫ በአማካይ በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ዞረች። አራት ሰው ከነሻንጣው ለሚጭን መኪና፣ ያውም በዚያ ዘመን!

ከዚያ ደንበኛው መጣ። ወፍራም መቀመጫ ይሁንልኝ፣ ይሄም ይጨመር፣ ያም አይቅር አለ፤ ከፋዩ እሱ ነውና እንቢ የሚለው አልተገኘም። ኪሎው ሲጨምር በ1954 ሞተሩ ከ4.6 ወደ 4.9 ሊትር አደገ፤ አውቶማቲክ ካምቢዮም ቀረበ። በ1955 ምርቱ እስኪቆም የተሠሩት 208 ብቻ ናቸው። ያን የመሰለ መኪና ያከበዱት የቅንጦት ወዳጆች እንጂ ጠላቶቹ አልነበሩም።

የእንግሊዝነቱንም ነገር ብዙ ባናጠብቀው ይሻላል። የትራክተር አምራቹ ዴቪድ ብራውን በ1947 የገዛው አስቶን ማርቲን፣ ለዲቢ 4 መኪናው ሞተሩን ያሠራው በፖላንዱ ተወላጅ በታዴክ ማሬክ ነው፤ ቅርጹን ያወጣው ቱሪንግ የተባለው የሚላን የመኪና አካል ሠሪ ነው። የ1966ቱ ጄንሰን ኢንተርሴፕተርማ በጣሊያን ቅርጽ ውስጥ የአሜሪካ ክራይስለር ሞተር የተቀመጠበት ነው። እኔን ይህ ቅር አያሰኘኝም።

ቅር የሚያሰኘኝ የዛሬው አያያዛቸው ነው። ለሺህ ኪሎ ሜትር የተሠራ መኪና በጨረታ ይገዛና ሙቀቱ በተመጠነ ጋራዥ ውስጥ ይቆለፍበታል፤ ለትርኢት ሲፈለግም በሌላ መኪና ተጭኖ ይሄዳል። ዋጋው ይወድቃል ይሉኛል። ይውደቅ! ምረጥ ብባል የምወስደው ከመጀመሪያዎቹ ኮንቲኔንታሎች፣ ገና ካልከበዱት አንዱን ነው፤ በእጅ የሚቀየረው፣ የማርሹ ዘንግ በሹፌሩ ቀኝ፣ በመቀመጫውና በበሩ መካከል የቆመው። ለመግባት ትንሽ ያስቸግራል፤ አንዴ ከተገባ ግን እስከ ደቡብ ፈረንሳይዋ ኒስ ድረስ የሚያስወርድ ምክንያት አይታየኝም፤ ከቤንዚን ማደያ በቀር።