ጥሩምባው ሳይነፋ እንጠያየቅ



እንደሚታወቀው የእድር ጥሩምባ በተነፋ ጊዜ በሠፈራችን ተኝቶ የሚቀር ሰው የለም። ወጣቱ ድንኳን ይተክላል፤ አግዳሚ ወንበሩ ከዕቃ ቤት ይወጣል፤ እናቶች ለወጥና ለንፍሮ ይሰበሰባሉ፤ ገንዘብ ያዡም ለሐዘንተኛው የሚገባውን ቆጥሮ ያስረክባል። ይህ ልማድ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 መሠረት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ከመቋቋማቸው በፊትም የነበረ ነው። አባቶቻችን ያቆዩልን ሀብት ስለሆነ እንኮራበታለን።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሳንሸፋፍን መነጋገር አለብን። ባለፈው ክረምት አንድ አባታችን ታመው ከስድስት ሳምንት በላይ አልጋ ላይ ዋሉ። በዚያን ጊዜ በራቸውን ያንኳኳነው በጣት የምንቆጠር ነበርን። ያረፉ ዕለት ግን ድንኳኑ ለሰው ጠበበ። ልጃቸው «ይኼ ሁሉ ሰው እዚሁ ሠፈር ነበር እንዴ?» ስትል ሰማናት። መልስ አልነበረንም።

በእድራችን ደንብ ከቀብር የቀረ አባል መቀጫ ይከፍላል። በሽተኛ ሳይጠይቅ የቀረውን ግን ማን ይቀጣዋል? ኅሊናው ካልቀጣው በስተቀር ማንም።

መደገፍ ማለት «አይዞህ፣ የቸገረህ ነገር ካለ ንገረኝ» ብሎ መሄድ ብቻ አይደለም። የቸገረው ሰው እኮ ያፍራል፤ አይናገርም። ስለዚህ አይቶ መድረስ ያስፈልጋል። እናቷን የምታስታምም ልጅ ገንዘብ ላይጎድላት ይችላል፤ መድኃኒት ቤት ደርሳ እስክትመለስ አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ግን ትፈልጋለች። ሥራ የፈታ አባወራ ምክር ሞልቶታል፤ ያጣው «እዚያ ማዶ ሰው ይፈለጋል፣ ና አብረን እንሂድ» የሚለውን ነው። ሐዘንተኛም ሰው የሚናፍቀው ድንኳኑ ከተነሣና ሁሉም ወደየቤቱ ከገባ በኋላ፣ ቤቱ ጭር ሲልበት ነው።

ጥየቃም ወግ አለው። በሽተኛ ፊት ተቀምጦ «እገሌም በዚሁ በሽታ ነው የሞተው» ማለት ጥየቃ አይደለም። አስታማሚዋ ቡና እንድታፈላልን መጠበቅም ሸክም መጨመር ነው፤ ጀበናውን እኛው ይዘን እንሂድ።

«ጊዜ የለኝም» የምንል አለን። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከአራት ሰው በላይ እንዳይሰበሰብ በተከለከለ ጊዜ ድንኳን መትከል ቀርቶ ነበር። ያም ሆኖ ዳቦ በር ላይ አኑሮ መሄድ፣ ስልክ ደውሎ «እንዴት አደራችሁ?» ማለት አልቀረም። እንግዲያው አሁን ምን ያግደናል?

በመሆኑም ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በየወሩ የእድር ስብሰባ ላይ መዋጮ ከመሰብሰቡ በፊት «ማን ታሟል? ማንስ ብቻውን ነው?» ተብሎ ይጠየቅ፤ ጠያቂም በተራ ይመደብ። የማስታመሙ ሥራ ሁልጊዜ በእናቶችና በእኅቶች ላይ ስለሚወድቅ ወንዶችም ተራው ውስጥ እንግባ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዳችን በግራና በቀኝ ያለውን ቤት እንወቅ። ሁለት ቀን በሩ ሳይከፈት የዋለ ጎረቤት ካለ እናንኳኳ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ሎሚውን ተከፋፍለን የምንይዘው ግን ሰውዬው በሕይወት እያለ ይሁን።

የማስታወቂያ ሰሌዳው አዘጋጆች